የበዛወርቅ ዘር

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በማንም ሰው ጉዳይ ገብተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንድ እቅፍ ሩዝ ከነሥሩ ነቅለው ወደ በዛወርቅ ግቢ ሲገቡ፣ እሷ መጀመሪያ ያሰበችው የደረሰ እሸት ሊያሳዩዋት እንደመጡ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዛላዎቹን አየችና መልሳ ገጠመችው።

ዛላዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፍሬ የያዘ ሩዝ በዚህ ወቅት አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። እነዚህ ግን ልክ እንደ ነሐሴ ሰብል አረንጓዴ ናቸው። አንዱን ቅንጣት በሁለት ጣቷ ጨመቀችው። ባዶ ነው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ጨመቀች። ባዶ።

"ከየት ያመጡት ነው?" አለች።

"ከእኔው ማሳ ነው፤ ከወንዙ በላይ ካለው" አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። መጨመርም አላስፈለጋቸውም።

እኚህ ሰው በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው መድኃኒት የሚባል ነገር መሬታቸው ላይ አስረጭተው አያውቁም። አረማቸውን በእጅ ይነቅላሉ፤ ሰው ሲስቅባቸው መሬቴስ መርዝ የሚጎዳው ጨጓራ የለውም ወይ ብለው ይመልሳሉ። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በዛወርቅም ታውቃለች። ደጃፉ ላይ ያለው የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዝ ለጎጀብ ቆላ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው፤ በዛወርቅ ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ከወረዳው ግብርና የተሰጣትን አንድ ጣሳ ዘር ስትዘራ፣ ጎረቤቶቿ የዶሮ ምግብ ነው ብለው ነበር። እሷ ግን እጇ ለዘር የተባረከ ነው ይባልላታል። አንድ ዓመት ማሳው መሀል ከሁሉ የተለየች አንዲት ነዶ አየች፤ ነዶ የምትለው ከአንድ ቅንጣት የበቀለውን ተክል ሙሉውን ነው። ከአንድ ሥር ሃያ ሁለት ዘንግ አውጥታለች፤ ነፋስ ሌላውን ሲያጋድመው እሷ አልወደቀችም፤ ፍሬዋም ሲያዩት ያጠግባል። በዛወርቅ ቀይ ክር አሰረችባት፤ ለብቻዋ አጭዳ፣ ለብቻዋ ወቅታ፣ በቅል አስቀመጠቻት። በዓመቱ ከቤቷ ጎን ባለች ትንሽ መደብ ላይ ዘራቻት፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ማሳዋን ሙሉ ሸፈነችው።

ያ ዘር ስሟን ይዞ ዞረ። የበዛወርቅ ዘር ይሉታል። የሚፈልግ ሰው አንድ ጣሳ ወስዶ፣ ሲያጭድ አንድ ጣሳ ይመልሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከወረዳው የተሰጣት የሞዴል አርሶ አደር ምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጆቿ ቦንጋና ጅማ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ግን ዘር ፈላጊ ስለማይጠፋ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

ማሳውን ሙሉ በሸፈነችበት ዓመት አረሙ በዛባት። ገበያው ዳር ሰማን የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ከስልጤ አገር መጥቶ ከሚስቱ ከሀኪማ ጋር ስድስት ዓመት የኖረ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪና የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ። የአረም መድኃኒቱን ከእሱ ወሰደች። ረዳት እንደሌላት ስላወቀ መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጥቶ ማሳዋን የረጨላት ራሱ ሰማን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ፤ ያቀረበችለትን ቆጮና አይብ በልቶ፣ መርቋት ሄደ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዛላው ሲወጣ ከየስድስቱ ነዶ አንዱ ቀጥ ብሎ ቀረ። ፍሬ የለውም። ሰው ተሰብስቦ አየው። መድኃኒቱ ነው የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማን እንደተናገረው ዛሬ ማንም አያስታውስም፤ ሲዋል ሲያድር ግን ሁሉም የሚለው እሱን ሆነ። ነገሩ በቀበሌ ስብሰባ ከመታየቱ በፊት በነበረው ሳምንት በዛወርቅ ራሷ ለአሥር ሰው ተናግራዋለች። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰማን ተነስቶ፣ መድኃኒቱ ለሌሎች ሰዎችም እንደተሸጠ፣ የተበላሸበት ሰው እንደሌለ አስረዳ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"እትዬ፣ ከመድኃኒቱ በፊት እንዲህ ያለ ባዶ ዛላ አይተው ያውቃሉ?"

"በፍጹም" አለች በዛወርቅ።

ከዚያ በኋላ ከሰማን ሱቅ ክብሪት የሚገዛ እንኳ ጠፋ። ለወትሮው ያለምንም ልዩነት አብረውት ቡና የሚጠጡ ሰዎች የአገር ልጅ ያልሆነ ይሉት ጀመር። በኅዳር አንድ ጠዋት ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሚስቱን ከፊት አስቀምጦ ከቦንጋ ማዶ ወዳለችው ወደ ዋጫ ከተማ ሄደ። በዛወርቅ መኪናው በደጃፏ ሲያልፍ አጥሯ ጋ ቆማ ነበር። ሀኪማ ወደ እሷ አልዞረችም።

በተከታዩ ዓመት በእጇ አርማ ዘራች፤ ባዶው ቀነሰ፤ ከአሥር አንድ ያህል ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ከዚያም አነሰ፤ ከሃያው አንድ ገደማ። እያንዳንዱን ባዶ ነዶ እየነቀለች ስታቃጥል፣ መርዙ ከመሬቱ እየወጣልኝ ነው ትል ነበር። ያጎነበሱትን ደህናዎቹን ግን አምና ዘር አድርጋ ለአሥራ አንድ ቤት ሰጥታለች። አንደኛው ቤት የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነው።

አሁን እኚያ ሽማግሌ ፊቷ ቆመው፣ መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ መሬት የነቀሉትን ባዶ ሩዝ ይዘዋል።

"ምናልባት ጎርፍ ከእኔ ማሳ መርዙን አምጥቶ ይሆናል" አለች በዛወርቅ።

"የእኔ ማሳ ከአንቺ በላይ ነው፤ ውኃ ወደ ላይ አይፈስም" አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በቀስታ።

በዚያው ቀን ነዶውን ከነጭቃው በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ቦንጋ ገባች። የግብርና ምርምር የሚሠሩ ሰዎች ካሉበት ግቢ ደርሳ የሩዝ ባለሙያ ስትጠይቅ ያቀረቡላት የልጇ እኩያ የምትሆን ቀጭን ልጅ ናት። ስሟ ሔርሜላ ነው፤ የቦንጋ ልጅ፣ የአስተማሪ ልጅ። በዛወርቅ ቅጠሉን ፈትታ ሳትጨርስ ሔርሜላ ተቀብላ አንዲት ቅንጣት ቆረጠች፤ በመርፌ ከፈተቻትና በማጉያ መነጽር አየች። ሁለተኛ ከፈተች። ሦስተኛ። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

ይህ ነገር በማሳሽ ብዙ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ስትደነግጥ እርስዎ ማለቱን ረስታው ነበርና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለች። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ማሳው ውስጥ ሆነው እንዲጠብቋት፣ የሩዝ አበባ የሚከፈተው በዚያ ሰዓት እንደሆነ ነገረቻት። በዛወርቅ ሩዝ ስታመርት ሰባት ዓመቷ ነው። አበባው ሰዓት እንዳለው አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ሔርሜላ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣች። በዛወርቅና ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ማሳው ዳር ቆመው ነበር። ልጅቷ ወዲያው ሥራ አልጀመረችም፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ማሳውን ከዳር እዳር ዞረችው፤ ባዶዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች። ከዚያ በዛወርቅን ጠርታ ከአንድ ባዶ ነዶ አጠገብ አስቆመቻት።

"እትዬ በዛወርቅ፣ መርጫ ሲረጭ እንዴት ነው የሚሄደው?"

"በመስመር ነዋ። ሰውዬው እንደሄደበት።"

"እነዚህን ይዩዋቸው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ይህቺ ባዶ ናት፤ ሥሯን ከእሷ ሥር ጋር ያቆላለፈችው ይህቺ ደግሞ ሞልታ አጎንብሳለች። ከአንድ ሥር የወጡት ዘንጎች ደግሞ ወይ ሁሉም ባዶ ናቸው፣ ወይ ሁሉም ሙሉ ናቸው። መድኃኒት እንዲህ እየመረጠ አይነካም።"

ከደህናው ነዶ ዘግይቶ የወጣ አንድ ዘንግ ገና እያበበ ነበር። ሔርሜላ ማጉያውን ሰጠቻት፤ እንዴት ወደ ዓይኗ እንደምታስጠጋው አሳየቻት። በዛወርቅ መጀመሪያ ያየችው ጉም ብቻ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ጠራላት። ሁለቱ የገለባ ክንፎች እንደ በር ተከፍተዋል። ከመሀላቸው ስድስት ቢጫ ከረጢቶች በቀጫጭን ክር ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። ከሥር ደግሞ ሁለት እንደ ወፍ ላባ ያሉ ነጫጭ ነገሮች አሉ።

ቢጫዎቹ ወንዴዎቹ ናቸው አለቻት ሔርሜላ፤ ብናኙ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ላባዎቹ የሴቴዋ ናቸው፤ ብናኙን ይቀበላሉ፤ ከሥራቸው ፍሬው ይይዛል። ስድስት ወንዴ፣ አንዲት ሴቴ፤ የሩዝ አበባ ሁልጊዜ ይኸው ነው።

ከዚያ የባዶውን ነዶ አበባ በመርፌ ከፈተችላት። ይህኛው በራሱ አልተከፈተም ነበር። በዛወርቅ ማጉያውን አስጠጋች። ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ስድስቱ ከረጢቶች መንጠልጠል በነበረባቸው ቦታ ላባ ብቻ ነው፤ ላባ በላባ ላይ፣ ነጭ፣ ተጨናንቆ የታፈነ። ዓይኗን አንስታ እንደገና አየች። ያው ነው።

"ወንዶቹ የት ሄዱ?" አለች።

"ሴት ሆኑ" አለች ሔርሜላ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አማተቡ። ማጉያውን ተቀብለው እሳቸውም አዩ።

ሔርሜላ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ቸኩላ ሳይሆን እየመረጠች አስረዳቻቸው። አበባው ገና ከመርፌ ጫፍ ሲያንስ፣ እያንዳንዱ አካል ምን ሆኖ እንደሚያድግ የሚያዝ ነገር በዘሩ ውስጥ አለ፤ ጂን ይባላል። አንተ ገለባ ሁን፣ አንተ ወንዴ ሁን፣ አንቺ ሴቴ ሁኚ ብሎ ይደለድላል። እዚህ አበባ ላይ ወንዴ ሁን የሚለው ትእዛዝ ተሰብሯል። ትእዛዙ ሲሰበር ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ወንዴ ሊበቅል በነበረበት ቦታ ሴቴ ትበቅላለች። ብናኝ የለም፤ ፍሬ የለም። የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ በቤተ ሙከራ አይታ ትነግራቸዋለች፤ ከዘሩ መሆኑን ግን አሁኑኑ መናገር ትችላለች።

"ታዲያ እኔ እነዚህን በየዓመቱ ነቅዬ አቃጥያለሁ። ዘር ያደረግሁት ደህና ደህናውን ብቻ ነው" አለች በዛወርቅ።

"ችግሩ ያለው ደህናዎቹ ውስጥ ነው እትዬ። እያንዳንዱ ተክል ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢሰበር ሌላው ይሠራለታል፤ ተክሉ ያምራል፤ ሙሉ ይሆናል። ዓይን አይለየውም። ልጆቹ ላይ ግን ሁለቱም ስባሪ የሚደርሳቸው ይኖራሉ፤ እነሱ ናቸው እነዚህ። ነቅለው ያቃጠሉት ምንም የማያወርሱትን ነው። የሚያወርሱትን ለዘር አስቀምጠዋል።"

በዛወርቅ ማሳውን አየችው። ያጎነበሰው፣ ቢጫ የሆነው፣ የምትኮራበት ሩዝ ሁሉ ድንገት የማታውቀው ሰው ፊት መሰላት።

ሔርሜላ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ዘሩ ከየት እንደተነሳ ጠየቀች፤ በዛወርቅ የቀዩን ክር ነገር፣ የሃያ ሁለቱን ዘንግ ነገር ነገረቻት። ይህቺ እናት ነዶ ስባሪውን ይዛ ነበር ማለት ነው አለች ልጅቷ እየጻፈች። እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ የእሷ ልጆች ብቻቸውን ሲዘሩ፣ ባዶው ከሁሉ የበዛ መሆን አለበት፤ ከአራቱ አንዱ። ከዚያ ከስድስት አንድ፣ ከዚያ ከአሥር አንድ እያለ ይቀንሳል። ቀና ብላ ጠየቀች።

"መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?"

"መድኃኒቱ በተረጨ ዓመት" አለች በዛወርቅ። ይህን መልስ ለሁለት ዓመት ስትመልሰው ኖራለች፤ አንደበቷ ለምዶታል።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን የልጅቷ ቁጥር ተመለሰባት። ከአራቱ አንዱ። ከቤቷ ጎን የነበረችው ትንሽ መደብ ታየቻት። መስከረም ነው፤ ቆመው የቀሩትን ዛላዎች በእጇ እየደባበሰች፣ ባዶ መሆናቸውን አይታ፣ ለራሷ ጮክ ብላ ተናግራ ነበር። ሩቡን ወፍ ጨረሰብኝ ብላ። ወፍ የበላው ዛላ ግን ገለባው ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል። እነዚያ ገለባዎች አልተሰነጠቁም ነበር። ያን ጊዜም አይታዋለች። ወፍ ነው ብላ ማለፉ ስለቀለላት አለፈችው እንጂ። በአዳራሹ ውስጥ ሰማን ሲጠይቃትም ያቺ መደብ እንደ ጥላ በዓይኗ ሽው ብላ ነበር። እሷ ግን በፍጹም አለች።

"አይደለም" አለች። "ከዚያ በፊት ነው። ከመድኃኒቱ በፊት በነበረው ዓመት አይቼዋለሁ።"

ሔርሜላ ጻፈች። ለእሷ ቁጥር ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግን በአዳራሹ ነበሩ፤ ጥያቄውንም መልሱንም ሰምተዋል። በዛወርቅን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው፣ ሳይሰናበቷት፣ በማሳው ዳር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ለብሳ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ደግሞ መኪና ቀይራ ዋጫ ገባች። ዝናቡ ያጠበው መንገድ ላይ ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ምን እንደምትል ስትሰበስብና ስትበትን ቆየች። የሰማንን ሱቅ ያሳየቻት አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ናት። የፕላስቲክ ጫማ፣ ደብተር፣ የተማሪ ቦርሳ፤ ለመሬት የሚሆን አንድም ዕቃ የለበትም። ሀኪማ በሩ አጠገብ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች። በዛወርቅን ስታያት እግሯ መኪናው ላይ ቆመ።

ሰማን ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቶ በርጩማ አቀረበላት። ሸብቷል። ይቀመጡ እትዬ አላት፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጤና ጠየቃት፤ እንግዳ የሚጠየቀውን ሁሉ። በዛወርቅ አልተቀመጠችም። ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ ነገሩን ልክ ማሳው ላይ እንዳየችው ተናገረች። ስድስቱ ወንዴ ሴት ሆነው እንዳየች፣ ዘሩ እንጂ መድኃኒቱ እንዳልሆነ፣ ዘሩን የመረጠችው በገዛ እጇ እንደሆነ።

"በአዳራሽ ጠይቀኸኝ ነበር። አይቼ ነበር፤ አላየሁም አልኩህ" አለች በመጨረሻ።

ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ነበር የመጣችው። ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። ሰማን ግን ከሰማይ ዱብ ዕዳ እንደወረደበት ሰው ፈዝዞ ቆመ፤ መደርደሪያውን ያዘ።

"እኔም አምኜ ነበር" አለ።

በዛወርቅ አልገባትም።

ቀስ እያለ ነገራት። ሲከሱት መጀመሪያ ተናዶ ነበር። ከዚያ ግን ማሳዋን ሲያስታውስ፣ እነዚያን የቆሙ ዛላዎች ሲያስታውስ፣ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ምናልባት ሲበጠብጥ ልኩን አብዝቶት ይሆናል። ምናልባት ጣሳው ጊዜው አልፎበት ይሆናል። የሰው እህል አበላሽቻለሁ ብሎ አምኖ ነው ከመንደሩ የወጣው እንጂ ተሸንፎ አይደለም። የቀሩትን ጣሳዎች ለአከፋፋዩ መልሶ ዳግመኛ ያንን ዕቃ ላለመንካት ማለ።

"ሀኪማ ያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች" አለ። "አንቺ አታውቂም፤ ይፋ አላደረግነውም ነበር። ጣሳዎቹን የማስቀምጠው የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነበር። እዚህ በመጣን በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ሩዙን ባዶ ያደረገው ነገር እሷንም ባዶ አደረጋት ብዬ ኖርኩ። ሁለት ዓመት። ፊቷን ቀና ብዬ አላይም።"

በዕድሜ ለምትበልጠው ሴት አንቺ ብሎ መናገሩን እሱም አላስተዋለ፤ እሷም አላስተዋለች። በዛወርቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከበደሏ ልክ በላይ የሆነ በደል ፊቷ ተዘርግቶ አየች፤ ዳርቻው አልታይ አላት።

"ታዲያ ልጁስ?" አለ ሰማን። "መድኃኒቱ ካልሆነ፣ ልጁስ በምን ሞተ?"

አዎ፣ እሱም ከመድኃኒቱ አይደለም ብትለው ደስ ባላት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ለዚህ ሰው እውነቱን ሳይሆን የቀለላትን መልሳለች።

"እኔ የማውቀው የሩዙን ብቻ ነው" አለች።

ሀኪማ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። አላለቀሰችም። መጥታ በዛወርቅን በክንዷ ደግፋ አስነሳቻትና እስከ በሩ ወሰደቻት። "ዛሬ ይሂዱ እትዬ በዛወርቅ" አለቻት። "ዛሬ ብቻ ይሂዱልን።"

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሔርሜላም ተገኝታ ነበር። በዛወርቅ ያቺ ልጅ እንድትጀምርላት አልፈለገችም፤ ራሷ ተነሳች። መድኃኒቱ እንዳልነበር፣ ዘሩ እንደሆነ፣ ዘሩም የእሷ እንደሆነ ተናገረች። ቀጥላም ሰማን ምን እንደጠየቃትና ምን እንደመለሰችለት ተናገረች። የቆርቆሮው ጣራ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። አንድ ጎረምሳ ማሳዬን በሙሉ በአንቺ ዘር ሸፍኜ ዛሬ ትነግሪኛለሽ ብሎ ተነሳ። አንዲት ሴት ሩዙን ለልጆቼ አብልቻለሁ፣ ምን ይሆኑብኛል ብላ ጮኸች። ሔርሜላ ምንም እንደማያደርግ፣ መብላት እንደሚቻል፣ ዳግመኛ መዝራት ብቻ እንደማይገባ ደጋግማ አስረዳች። የቦንጋው የምርምር ማዕከል ለአሥራ አንዱም ቤት በምትኩ ንጹሕ ዘር ለመስጠት ቃል ገባ፤ ሰጠም። ስለ ሰማን ግን ለረጅም ጊዜ የሚናገር ጠፋ። ሁሉም ያኔ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉና መሬት መሬት ያያሉ።

በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ተነሱ። አንድ እሷ ብቻ አይደለችም የዋሸችው፣ እኛም ለማመን ቸኩለናል አሉ። አምስት ሽማግሌዎች ተመርጠው በዛወርቅን ይዘው ዋጫ ወረዱ። ሰማን በደንብ ተቀበላቸው፤ ዱዓ አድርጎ ይቅር አላቸው። ተመለስ ሲሉት ግን አልተመለሰም። ቤቴ አሁን እዚህ ነው አለ።

በዛወርቅ የቀረውን ዘር በሙሉ አቃጥላ መገላገል ፈልጋ ነበር። የከለከለቻት ሔርሜላ ናት። የተሰበረ ትእዛዝ ሲገኝ ነው ያልተሰበረው ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው አለቻት፤ እንዲህ ያለውን ሩዝ ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ይፈልጉታል። እናም ሁለት መስመር ብቻ፣ ከሌላው ማሳ ርቆ፣ እያንዳንዱ ነዶ ቁጥር ተንጠልጥሎበት ተዘራ። በዛወርቅ በመርፌ አበባ መክፈት ተማረች። መጀመሪያ አበባውን ትቀድደው ነበር፤ እየዋለ እያደረ ከሔርሜላ ይልቅ ቀልጠፍ አለች።

በዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ማሳው ዳር ጎንበስ ብላ ስትቆጥር የሰው ጥላ ወደቀባት። ሀኪማ ናት። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ሰማን ይወቅ አይወቅ አልተናገረችም። ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ አበባውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ አለች።

ረፋድ ላይ ነበርና አበባው ተከፍቷል። በዛወርቅ መጀመሪያ ደህናውን አሳየቻት፤ ስድስቱን ቢጫ ከረጢቶች አንድ በአንድ ቆጠረችላት። ቀጥላ ሌላውን ከፈተችላት። ሀኪማ ማጉያውን ይዛ ረጅም ጊዜ አየች፤ እስክትደክም አየች። በዛወርቅ መርፌውን እንደያዘች አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት። እንደገና ይቅርታ ልትጠይቃት አስባ፣ ቃሉ ትንሽ ሆኖባት ተወችው።

ሀኪማ ማጉያውን መለሰችላት።

"ለሩዝ ይህን ያህል ተፈልጎ ተገኘለት" አለች። "የእኔን ግን እስከ ዛሬ ከፍቶ ያሳየኝ የለም።"

በዛወርቅ ቁጥሮቹን ትታ ነጠላዋን ለበሰችና እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። መኪናው እስኪመጣ መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ከዚያ በዛወርቅ፣ ቦንጋ ያለችው ልጄ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ልጁ በምን እንደሞተ ይንገሩን ብለን እንጠይቃለን አለቻት። ሚኒባሱ ሲቆም ሀኪማ እግሯን አንስታ ገባችና ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ፣ ማክሰኞ ይመቸኛል አለች።